ለሩቂያ ድንች ፈቃድ ወደ ኮምቦልቻ

ማክሰኞ ጠዋት ኩታበር መናኸሪያ የነበርነው አራት ነን። ሩቂያ ከሚኒባሱ በር አጠገብ ቆማ ሁለት ወፍራም ፋይል በደረቷ አቅፋ ነበር። የሙከራ ማሳዋ ጠባቂ ሰይድ ከመኪናው ኋላ ሆኖ፣ ረዳቱ ለሚያሳድሩን የያዝነውን የድንች ከረጢት ጣራ ላይ ሲያስር ወደ ላይ እያየ «ቀስ፣ እንደ እንቁላል ያዘው» ይለዋል። የሩቂያ እናት ፋጡማ ከመንገዱ ማዶ ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች፤ ተሻግራ ብትመጣ ልጇን የምታስጨንቃት መስሏት ነው። እኔ ከሩቂያ ጀርባ ነበርኩ።

የምንሄደው ለድንች ነው። ፋጡማ ጎረቤቴ ናት። ልጇ ሩቂያ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። በእኛ አገር ክረምት ላይ ጉም ለተከታታይ ቀናት ከተኛ ድንቹን ምች ይመታዋል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ባለፈው ክረምት የእኔም የፋጡማም ማሳ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ሩቂያና ባልደረቦቿ ከዱር ድንች የተወሰደ ዘረመል የገባበት፣ ምች የማይጥለው ድንች ኩታበር ላይ መሞከር ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን በሕግ ቋንቋ ልውጥ ሕያው ይሉታል፤ ያለ ፈቃድ አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ፈቃድ ሰጪዎቹ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ቤተ ሙከራውን ሊያዩ፣ ሩቂያንም ሊጠይቁ ነው። የማሳውን ጠባቂና የማሳውን ጎረቤት ይዘሽ ቅረቢ ስላሏት ሰይድና እኔ ተጠራን። የእኔ መሬት ከሙከራው ማሳ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል።

ፈቃዱ አሁን ካልተገኘ የዘንድሮ ተከላ ያልፋል፤ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የሩቂያም የሥራ ውል ያበቃል። ይህን የነገረችኝ ፋጡማ ናት እንጂ ሩቂያ አይደለችም።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ። አምና ክረምቱ ሳይገባ፣ በበጋ መስኖ፣ በዚያው ማሳ ላይ ልምምድ ተደርጎ ነበር። የተተከለው ተራ ድንች ሆኖ ደንቡ ግን የልውጡ ነበር፦ አጥር፣ ቁልፍ፣ ጠባቂ፤ ድንቹ ከተነሣ በኋላም ማንም ሳይገባ በአፈር የቀረው ሁሉ ተለቅሞ እንዲቀበር። ድንቹ የተነሣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቃራሚዎች መጡ። በእኛ አገር ባለቤቱ አንሥቶ ከጨረሰ የቀረውን ለቅሞ መውሰድ የሌለው ሰው ድርሻ ነው። ማሳውን ሙስሊም ይረሰው ክርስቲያን፣ የምትቃርመዋ ከየትኛው ወገን ትሁን፣ የሚጠይቅ የለም። ሰይድ ቁልፉን ከፍቶ ፊቱን አዞረ። ሩቂያ እዚያው ነበረች። እኔም ከአጥሩ ወዲህ፣ በራሴ ማሳ ነበርኩ። ማንም ምንም አላለም፤ ተራ ድንች ነውና። ሩቂያ በማመልከቻዋ ላይ «ማንም አልገባም» ብላ መጻፏን ግን ኋላ ከሰይድ ሰማሁ።

ስለዚህ በመንገድ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህን ይጠይቁኝ ይሆን? ቢጠይቁኝስ?

ኩታበርና ደሴ ለወጣት ሰው ቅርብ ናቸው። ለእኔ ወገቤ ያርቀዋል። ሩቂያ የመስኮቱን ቦታ ለቃልኝ መካከል ተቀመጠች፤ ፋይሎቹን ከጭኗ አላወረደችም። ደሴ ልንገባ ስንል ፍተሻ ላይ አስወረዱን። ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ተሰለፍን። አሁን አሁን የተለመደ ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ፈታሹ የሩቂያን ፋይል ገለጥ ገለጥ አደረገና «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አላት።

እሷ መልስ ስታስብ ሰይድ ከወንዶቹ ሰልፍ ቀደማት። «የድንች ወረቀት ነው፣ ጌታዬ።»

«ድንች ወረቀት አለው እንዴ?»

«የኛ ድንች መታወቂያ ሊያወጣ እየሄደ ነው።»

ፈታሹ ሳቀ፤ ሰልፉም ሳቀ። ሩቂያ ፋይሉን ተቀብላ የተዛነፉትን ገጾች አስተካከለች። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ወደ ኋላ ዞራ «አያ ሰይድ፣ እዚያ እንዲህ አይቀለድም» አለችው።

«እዚያማ አፌን ሰፍቼ ነው የምገባው» አላት።

ደሴን ላላየ ሰው፦ ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ሜዳ የሚባል ነገር ብዙ የለውም። በእኛ ዘንድ በቤትና በቤት መካከል ማሳ አለ። እዚህ የአንዱ ጣራ ከሌላው ደጃፍ እኩል ነው። ብርዱና ጉሙ ግን የእኛው ናቸው፤ ስለዚህ ገና ከአገሬ የወጣሁ አልመሰለኝም። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘን ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ስንሄድ ዳገቱ መካከል ሞተሩ ጠፋ።

«ማዘር፣ እርስዎ ይቀመጡ። ሌሎቹ ይግፉ» አለ ሹፌሩ።

ሩቂያ ፋይሎቿን ጭኔ ላይ አኑራ ወረደች። እሷና ሰይድ መግፋት ጀመሩ። እንደ ሙሽራ ተቀምጬ መገፋቱ አሳፈረኝና እኔም ወረድኩ። ይህ ስሕተት ነበር። ጭቃው የቀኝ ጫማዬን ሶል ይዞ አስቀረው። አንድ ጆንያ ሻጭ ከሱቁ ወጥቶ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ጎንበስ ብሎ በጆንያ መስፊያ ሲባጎ አሰረልኝ። ላመሰግነው ቀና ስል ተመልሶ ገብቷል። በእኛ አገር ቢሆን ይህ ሰው ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቀኝ ነበር።

ያሳደረችን ሉባባ የፋጡማ ታናሽ እህት ናት፤ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እግሬን አይታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ቤት ይዛን ሄደች። የራሷን ጥቁር ጫማ አወጣችልኝ። በቁጥር ይበልጠኛል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ ልክ አደረገችው።

«በዚህ ነው ሰዎቹ ፊት የሚቀርቡት» አለችኝ። «እምቢ አይበሉ። በሲባጎ ታስረው ቢሄዱ ወሎን ያሰድቡናል።»

ለራት የበግ ወጥ ተሠርቷል። እኔ ሙስሊም ያረደውን እንደማልበላ ሉባባ ሳትጠይቀኝ ታውቃለች፤ በሌላ ድስት እንቁላል ጠብሳ በሌላ ሳህን አቀረበችልኝ። ፋጡማ እኔ ቤት ስትመጣ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ስለዚህ ማናችንም ነገሩን አላነሣንም።

«ሰይድ፣ የእትዬን ድርሻ ሥጋ አንተ እንደምትበላላቸው አውቄ ነው ያበዛሁት» አለችው ሉባባ።

«እሳቸውን ላለማስቀየም ነው እንጂ እኔስ ጠግቤ ነበር» አለና ጨመረ።

ከራት በኋላ ሩቂያ የነገውን መለማመድ ፈለገች። ሉባባ እግሯን አጣምራ ተቀመጠችና «እኔ ሹሟን ልሁን» አለች። «እሺ ወይዘሪት፣ ከብት ቢገባስ?»

«አጥሩ ድርብ ነው፤ አይገባም።»

«ንብ አበባውን ቀስማ ብትሄድስ?»

ሩቂያ ፊቷ ፈካ አለ። አበባው ሳይፈነዳ እንደሚቀነጠስ፣ በዙሪያው ሌላ ድንች እንደማይተከል፣ መሣሪያውም ጫማውም በሩ ላይ እንደሚታጠብ ዘርዝራ አስረዳች። ስትናገር ደስ ትላለች። ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፤ አንድ ነገር ስታስረዳ እጇ አይቀመጥም።

«ቃራሚስ?» አለች ሉባባ።

የሩቂያ እጅ ቆመ። ሰይድ ውሃ አነሣና ጠጣ። ሉባባ አንዳችንን ከሌላችን እያየች ምን እንዳጠፋች ትፈልግ ጀመር።

«እሱ እዚያ አይጠየቅም» አለች ሩቂያ።

«እነሱስ ገጠር አያውቁም?»

ሩቂያ ፋይሉን ዘጋችና ሶላት አልሰገድኩም ብላ ተነሣች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ ሙቀቱ በእያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ይመስላል። እኔ በላይኛው ጥምዝ ጋቢዬን፣ በታችኛው ሹራቤን አወለቅሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች በቡድን በቡድን ሆነው ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ በጥላ በኩል ይጓዛል። በእኛ አገር ሰው ፀሐይ ፈልጎ ነው የሚቀመጠው። የሉባባ ጫማ በሙቀቱ ጠበበኝ፤ ጨርቁን አወጣሁለት።

ቤተ ሙከራው በር ላይ ስንደርስ የሩቂያ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መንገድ ላይ ተይዘዋል፤ ስብሰባው ለነገ ተላልፏል። ሩቂያ «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋችው። ሰይድ «አብሽሪ፣ ነገም ቀን ነው» አላት። እኔ የደስታ ስሜት ተሰምቶኝ ነበር። ጥርሱ ሊነቀል ሄዶ ሐኪሙ የለም የተባለ ሰው እንደሚሰማው ያለ ነው።

በትርፉ ሰዓት ሩቂያ የመስታወት ቤቱን አሳየችኝ። ድንቹ መጀመሪያ የሚያድገው እዚያ ነው። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ነጭ ካፖርት አለበሰችኝ፤ የጫማዬን ሶል መድኃኒት ባለበት ውሃ ውስጥ አስነከረችኝ። ውስጡ ባዶ ነው። አፈር የተሞሉ ማሰሮዎች በመስመር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ አንዱም ላይ ቅጠል የለም።

«ሁሉም ዝግጁ ነው» አለች። «ዘሩ ብቻ ነው የሚቀረው።»

«ጥሩ ይዘሽዋል» አልኳት።

አንዱን ማሰሮ ወደ መስመሩ ገፋ አደረገችው። «እትዬ ዘነበች፣ ነገ ስለ አጥሩ ይጠይቁዎታል። አጥሩ ጠንካራ ነው፣ ከብት ገብቶ አያውቅም ቢሏቸው በቂ ነው። እውነትም ነው።»

«እውነት ነው።»

«ከዚያ ሌላ...» ብላ አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም። እንድዋሽ አልለመነችኝም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ስንወጣ ካፖርቴን ተቀብላ አጥፋ ሰቀለችው።

ያረፍነው አቶ ይማም በሚባሉ ጡረተኛ ማረፊያ ቤት ነው። ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃውን ቀና ብዬ ሳይ አይተውኝ፣ ምድር ቤት ያለውን የራሳቸውን መኝታ ለቀው ለእኔ አስነጠፉልኝ። ልከራከር ስል «ሰው ከኩታበር መጥቶ ደረጃ ሊቆጥር ነው?» አሉኝ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ምሳዬ ሽሮና ፓፓያ ነበር። ፓፓያ በእኛ አገር አይበቅልም፤ እሳቸው ከጓሯቸው ቆርጠው አመጡልኝ። አጎበሩንም ራሳቸው አሰሩት። እኔ አጎበር ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። በውስጡ እንዴት እንደሚገባ ጠፍቶኝ ዙሪያውን ስዞር አይተው፣ ሳይስቁ ጨርቁን ከፍ አድርገው ያዙልኝ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው «ምች የማይነካው ድንች?» አሉ። «እናቴ እኮ ኩታበር ነው የተወለደችው። በምች ዓመት ምን ይበላ እንደነበር ትነግረን ነበር። አላህ ያሳካላችሁ።»

ይህ ቃላቸው እንቅልፍ ነሳኝ። ሙቀቱም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ሰጪዎቹ ገቡ። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ ሩቂያን ብዙ ጠየቋት፤ የማይገባኝ ነበር። እሷ ግን ሁሉንም መለሰች፤ እጇም እንደ ደሴው ምሽት ይንቀሳቀስ ነበር። ከሦስቱ አንደኛው፣ ወጣቱ፣ ራሱን በመስማማት ሲነቀንቅ አየሁ። ያኔ ይሰጧታል ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ ሰይድን ጠሩ። ቆቡን አስተካክሎ ቆመ። ስለ ቁልፉና ስለ ዘብ ፈረቃው ጠየቁት። ከዚያ ሰብሳቢዋ «አቶ ሰይድ፣ አምና ድንቹ ከተነሣ በኋላ ለመቃረም የመጣ ሰው ነበር?» አለችው።

«ወላሂ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። መሐላውን ዋጠው። «እኔ አላየሁም» አለ።

  ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። ልቆም ስል «ይቀመጡ፣ እማማ» አለችኝ። «አባቴ ገበሬ ነበር። ድንች ሲነሣ ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምጠይቅዎት ለዚህ ነው። አምና ከምርቱ በኋላ ወደ ማሳው የገባ ሰው አይተዋል?»

ሩቂያን አላየኋትም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ አየሁ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«እነማን ናቸው?»

«ቃራሚዎች ናቸው። ስማቸውን አልናገርም።»

«ስም አልጠየቅሁም። የወሰዱትን ምን አደረጉት?»

«ትልልቁን በሉት። ትንንሹን ለዘር አስቀመጡት። በበልግ ተክለውታል፤ አይቻለሁ።»

ይህን ስል ከሦስቱ መካከል የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ ሩቂያን አያት። ነገሩ እዚያ ላይ መሆኑ ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው። ልውጡ ድንች ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ በማን ጓሮ እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም ነበር፤ ገበያም ይወጣ ነበር።

«ልውጡ ድንች ቢተከልና ጠባቂው እንዲከለክል ቢታዘዝስ? ይከለክላል ብለው ያስባሉ?»

«ሰይድ አይከለክልም።»

«እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔም አልከለክልም።»

«ድንቹ እንዲመጣ አይፈልጉም ማለት ነው?»

«እፈልጋለሁ» አልኩ። «ባለፈው ክረምት ከማሳዬ ምንም አላነሣሁም።»

ሰብሳቢዋ አመሰገነችኝ። ከዚያ «ሩቂያ፣ ሰምተሻል?» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«የጻፍሽው ሌላ ነው።»

«አዎ።»

«አንቺስ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ» አለች ሩቂያ። «ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። ውጡ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ገቡ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።»

ሦስቱ ወጥተው ተማከሩ። እኛ በየተቀመጥንበት ቀረን። ሩቂያ የፋይሉን ጥግ በጣቷ ታጥፈውና ትዘረጋው ነበር። ሰይድ ወለሉን ያያል። ከውጭ የፋብሪካ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዝምታ የሚኖረው ለቅሶ ቤት ነው፤ እዚያም ቢሆን አንድ ሰው ወሬ ያነሣል።

ሲመለሱ ሰብሳቢዋ ሳትቀመጥ ተናገረች። ማመልከቻውን እንዳለ አይቀበሉትም፤ አይጥሉትምም። ሩቂያ መልሳ ትወስደዋለች። የአምናውን እንደሆነው ትጽፋለች፤ ለቃራሚዎቹ ምን እንደሚደረግ ከእነሱው ጋር ተነጋግራ ታመጣለች። ከዚያ እንደገና ያዩታል።

«ለዘንድሮ ተከላ ይደርሳል?» አለች ሩቂያ።

«አይደርስም» አለች ሰብሳቢዋ። የሚጽፈው ሰውዬ ፋይሎቹን አንሥቶ ለሩቂያ ሰጣት። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያ ሄድን። አቶ ይማም ለመንገድ ፓፓያ በፌስታል አድርገው ሰጥተውኝ ነበር፤ ስብሰባው እንዴት እንዳለቀ ሳይጠይቁኝ ከፊታችን አወቁት። በመንገዱ ላይ ሰይድ ቦርሳዬን ተሸክሞ ከጎኔ ይሄድ ነበር።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ስሜን ባይጠሩ ምን ነበር?»

«ጠየቀችኝ፣ ሰይድ።»

«መጠየቋንስ ጠየቀች» አለ። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም፤ ቦርሳዬን ግን አላወረደም።

ሩቂያ ኮምቦልቻ ትቀራለች፤ ከቤተ ሙከራው ኃላፊ ጋር ቀጠሮ አላት። ስለ ሥራ ውሏ ይሁን ስለ ሌላ አልነገረችንም። የደሴውን ሚኒባስ ራሷ አፈላለገችልን። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የነበረውን ሰው «ወንድሜ፣ እሳቸው ወገባቸውን ያማቸዋል» ብላ አስነሣችው። ደግፋ አስገባችኝ። ፓፓያውን ከእግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ለእናትሽ ምን ልበላት?» አልኳት።

«እኔ እደውልላታለሁ» አለች።

በሩን ዘጋችው። በደንብ አልተዘጋም ነበርና እንደገና ከፍታ ዘጋችው። ሰይድ ከኋላ ገባ። ረዳቱ ሞልቷል ብሎ ጣራውን መታ፤ ሚኒባሱም ወደ ሐረጎ ዳገት ሄደ።